ለዘጠና ዓመት አንድ ሌሊት

በቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ሰምቶ የማያውቅ ሰው በአገራችን የለም። ፍትሐቱ ሲያልቅ አንድ ሰው ድምፅ ማጉያ ይይዝና «ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት፣ በቀድሞው አጠራር በዚህ ክፍለ ሀገር፣ በዚህ አውራጃ ተወለዱ» ብሎ ይጀምራል። «ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ» ይላል። ሟች ያገኙትን የሥራ ዕድገትና የምስክር ወረቀት በየዓመተ ምሕረቱ ይዘረዝራል። «ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው» ላይ ሲደርስ፣ ፀሐይ የመታው ለቀስተኛ ጥላውን ማጠፍ ይጀምራል።

ቅርጹ የመንግሥት ሠራተኛ የግል ማኅደር ቅርጽ ነው። ለጡረተኛ መኮንን፣ ለመምህር፣ ለባንክ ሠራተኛ ልክ ይመጣል። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ የተዳሩ፣ ደመወዝ ፈርመው የማያውቁ፣ የሾማቸውም የሻራቸውም መሥሪያ ቤት የሌለ ሴት ሲሞቱ ግን ጸሐፊው ይቸግረዋል። ስለዚህ «ደግ፣ ሃይማኖተኛ፣ እንግዳ ተቀባይ» ይልና ወደ ልጆቻቸው ቁጥር ያልፋል። ሐሰት አይደለም። ግን ያው ሦስት ቃል በማግስቱ ለሌላ ሴት፣ በሌላ ቤተ ክርስቲያን ይነበባል።

እኛ ቤት ይህን ወረቀት ለመጻፍ የነበረን አንድ ሌሊት ነው። ቤተሰቡም ሰፈሩም «እቴቴ» የሚላቸው አያቴ በጥር 2017 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ ከሰዓት በኋላ ዐረፉ። ቀብራቸው በማግስቱ ስድስት ሰዓት ሆነ። ማምሻውን የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ሰፈሩን ዞረው ተጣሩ፤ ራት ሰዓት ሳይደርስ ድንኳኑ ተተከለ፣ አግዳሚው ተደረደረ፣ የሴቶቹ እድር ብረት ድስቱን አወጣ። የጥርን የደብረ ብርሃን ውርጭ የሚያውቅ ያውቀዋል። ወንዶቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው እሳት ዙሪያ ሲቀመጡ፣ የአጎቴ ልጅ ላፕቶፑን ይዞ ጓዳ ገባ። እኔም ተከተልኩት። ገና የመጀመሪያው መስመር ላይ ቆምን። እቴቴ መቼ ነው የተወለዱት?

ሦስት መልስ ነበረን። የቀበሌ መታወቂያቸው 1934 ይላል። አሜሪካ ያለች ልጃቸውን ለመጠየቅ ሲነሡ የወጣላቸው ፓስፖርት መስከረም 1 ቀን 1930 ይላል። አጎቴ ደግሞ ከድንኳን ገባ ብሎ «ምን ይጨንቃችኋል፣ መቶ ሞልቷቸዋል በሉ» አለን። በኛ አገር ሰው ሰማንያ ካለፈ መቶ ዓመት በነጻ ይታደላል። እኔም ሌላ ጊዜ ቢሆን ዝም ብዬ እጽፈው ነበር።

ታላቋ አክስቴ ናት ያስቆመችን። «እሷ እኮ ልደቷን ታውቀዋለች፤ እናንተ ናችሁ የማታውቁት» አለችና እቴቴ ሲሉት የኖሩትን ሦስት ነገር ነገረችን። የተወለዱት በዘመነ ሉቃስ ነው። ክርስትና የተነሡት ለጥቅምት አቦ ነው። የክርስትናቸው ዕለት ግማሹ ሴት ጠላ ሲቀዳ፣ ግማሹ ለአባታቸው የዘመቻ ስንቅ ይቋጥር ነበር።

ፊደል ያልቆጠረ ሰው ዓመት አይቆጥርም የሚል ሁሉ ይህችን ሦስት ነገር ይዞ ይቀመጥ። በባሕረ ሐሳብ ዘመናት በአራቱ ወንጌላውያን ስም ይፈራረቃሉ። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሮ ለአራት ማካፈል ነው፤ አንድ ሲተርፍ ማቴዎስ፣ ሁለት ሲተርፍ ማርቆስ፣ ሦስት ሲተርፍ ሉቃስ፣ ያለ ትርፍ ሲካፈል ዮሐንስ። 1934ም 1930ም ማርቆስ ናቸው፤ ስለዚህ መታወቂያውም ፓስፖርቱም ወደቁ። በዚያ አካባቢ ሉቃስ የሚሆኑት 1923፣ 1927 እና 1931 ናቸው። ከሦስቱ የሚለየው ስንቁ ነው። ጣልያን መረብን የተሻገረው መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ የክተቱ ነጋሪትም የተጎሰመው ያን ዕለት ነው። ጥቅምት አቦ የሚውለው ከዚያ ሁለት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ፣ ጥቅምት 5 ቀን ነው። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ስለሆነ፣ በ1928 መባቻ የተጠመቀች ልጅ የተወለደችው በ1927 ማለቂያ፣ በዘመነ ሉቃስ ነው። ገጠመ።

የአጎቴ ልጅ ወደ ኋላ ሰማንያ ቀን ቆጥሮ ሐምሌ 21 ላይ አረፈ። ማርያም! አክስቴ አለቀሰች፤ እቴቴ የማርያምን ጽዋ ሳያስታጉሉ የኖሩ ሴት ናቸው። ለጸሎት መጥተው ጥግ ላይ የተቀመጡት የንስሐ አባታቸው ግን ጣታቸውን አነሡ። «የሉቃስ ጳጉሜን ስድስት ናት፤ አንድ ቀን ጎድሎባችኋል» አሉ። ተቆጠረ፤ ሐምሌ 22፣ ዑራኤል ሆነ። አክስቴ አልተዋጠላትም። «በማርያም ማታ ነው የተወለደችው፣ እናቷ የነገረቻት ነው» አለች። ቄሱ ፈገግ ብለው፣ በቤተ ክርስቲያን ቀን ከዋዜማው ማታ እንደሚጀምርና ክርክሩ አሸናፊ እንደማይኖረው ነገሩን። ወረቀቱ ላይ «በሐምሌ ወር 1927 ዓ.ም.» ብለን አለፍን።

አባታቸው ከዚያ ዘመቻ አልተመለሱም። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ ከቀሩት ናቸው ይባላል፤ መቃብር የለም፣ የነገረ የዓይን ምስክርም የለም። እቴቴ በተወለዱበት በመንዝ፣ በዚያ ዓመት የተወለደ ልጅ አባቱን ሲጠይቁት ብዙ ጊዜ መልሱ ይኸው ነው። ክብርት ዶክተር አበበች ጎበናም የተወለዱት በዚያው ሰሞን፣ በጥቅምት 1928 ሰሜን ሸዋ ውስጥ ነው፤ አባታቸውን የነጠቃቸውም ያው ጦርነት ነው። እሳቸውም በልጅነት ተድረው አምልጠዋል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለግሸን ማርያም በሄዱበት ረሀብ ካገኛቸው ሕፃናት ሁለቱን ይዘው ተመለሱ፤ ቤታቸው የሕፃናት ማሳደጊያ ሆነ፤ በሰኔ 2013 ዓ.ም. በኮቪድ ሲያርፉ አገር አለቀሰላቸው። የሳቸው ታሪክ በየጋዜጣው የተጻፈው ድርጅት ስላቋቋሙ ነው። የሰው ልጅ እያመጡ ያሳደጉ፣ ግን ማኅተም ያላስቀረጹ ሴቶች በየሰፈሩ ስንት ናቸው? እቴቴ ከወለዷቸው ሌላ የእኅታቸውን ሁለት ልጆች አሳድገዋል፤ ወረቀታችን ላይ አልገባም፤ ለምን እንዳልገባ አሁንም አላውቅም።

ትዳራቸውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው ያለፍነው፤ «በሕግ ጋብቻ ፈጽመው»። ንጉሡ ከስደት በተመለሱ በአምስተኛው ዓመት ሲዳሩ አሥራ አንድ ዓመት ቢሆናቸው ነው። የፍትሐ ብሔሩ ሕግ የሴትን የጋብቻ ዕድሜ 15 ያደረገው በ1952 ዓ.ም. ነው፤ 18 የሆነው በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. ነው። ለእቴቴ ሁለቱም አልደረሱም። አንዴ ሸሽተው ወደ እናታቸው ተመልሰዋል፤ እናታቸው አሳድረው፣ ፀጉራቸውን ሠርተው፣ በማግስቱ ራሳቸው አደረሷቸው። ይህን ሲያወሩ እቴቴ እናታቸውን አይወቅሱም ነበር። እኔ ነኝ የምወቅሰው።

አሁን ወረቀቱ ጭራሽ ወደማያውቀው ነገር ልግባ። እቴቴ በቤተሰቡ ውስጥ የነበራቸው ሥልጣን ከደግነታቸው የመጣ አይመስለኝም፤ ደግሞ ለነገሩ ሁልጊዜ ደግ አልነበሩም። የመጣው ዘር ከመቁጠራቸው ነው። በመንዝ እንደ ብዙው የሰሜን አገር ርስት ይወረስ የነበረው በአባትም በእናትም ነው፤ ለወንድም ለሴትም ይደርስ ነበር። መሬት የሚጠይቅ ሰው አገሩን መጀመሪያ ካቀናው አባት፣ ከአቅኚው ጀምሮ እስከ ራሱ ድረስ ያለውን ትውልድ ሳያቋርጥ ቆጥሮ፣ በምስክር አስደግፎ ማሳየት ነበረበት። መካከል ላይ አንድ ስም የረሳ ሰው መሬቱን አጣ ማለት ነበር። አባት ለሌላት ልጅ ከዚህ የበለጠ ትምህርት አልነበረም። እናታቸው ማታ ማታ ሱፍ እየፈተሉ ያስቆጥሯቸው ነበር፤ የተሳሳቱ እንደሆነ ከአቅኚው ይጀመራል።

እቴቴ ካደጉ በኋላ የእናታቸውን ድርሻ የያዘባቸውን ዘመድ ከሰው ዓመታት ተሟግተዋል። ጠበቃ አልነበራቸውም። ልጅ አዝለው በእግር ወደ ወረዳው ፍርድ ቤት ይሄዱ እንደነበር፣ ቀጠሮ ሲሰጥ አድረው ሲመለሱ ልጁ በብርድ እንደታመመ አክስቴ ታስታውሳለች፤ የታዘለው ታናሿ ነው። ረቱ። ከዚያ ባላቸው ሲሞት መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥተው ልጆቻቸውን ይዘው ደብረ ብርሃን ገቡ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ግን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ሆነ፤ የርስት ሙግት በዚያ ቀን አበቃ። ከተማ የተቀመጠ ሰው ገጠር ያለው ማሳ ለሚያርሰው ቀረ። እቴቴ ለአዋጁ የወጣውን ሰልፍ ጠላ ቤታቸው ደጅ ቆመው አይተውታል። ስለዚያ ቀን ስጠይቃቸው ያሉኝ «የሚገባው ነው ያገኘው። የእኔ ግን አምስት ዓመት ሙግት ነበረበት» ነው።

መሬቱ ሄዶ ቆጠራው ቀረ። ሥራ አልፈታም፤ ጋብቻ አለና። በአማራው ልማድ እስከ ሰባት ቤት የሚገናኝ አይጋባም፤ የሚቆጠረውም በአባት በኩል ብቻ አይደለም። የቤተሰብ ሕጉ የሚከለክለው ቀጥታ ወደ ላይና ወደ ታች የሚወርደውን ዘር፣ ወንድምና እኅትን፣ አክስትና አጎትን እንጂ እዚያ ድረስ አይሄድም። እቴቴ ፊት ግን የቤተሰብ ሕጉ እቴቴ ነበሩ። አንድ ልጅ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት የልጅቷ አያቶች ስም ይመጣላቸዋል። የጣታቸውን አንጓ በአውራ ጣታቸው እየነኩ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይቆጥራሉ። «አይደርሱም» ካሉ ይደገሳል። ሁለት ጊዜ «ይገናኛሉ» ብለው የተያዘ ሠርግ አፍርሰዋል። ከሁለቱ አንዱ የእኔ ታላቅ ወንድም ነው፤ አሁን ልጆች ወልዷል፣ ይቅርታ ያደረገላቸው አይመስለኝም።

የሚገርመው፣ የሁሉንም ዘር የሚቆጥሩት ሴት ስማቸው ማንም ላይ የለም። በኛ ሥርዓት ሴት አግብታ ስሟን አትለውጥም፤ እስከ ሞቷ የአባቷ ልጅ ናት። ለልጇ ግን ስም አታወርስም። እኔ መታወቂያዬ ላይ ስሜ፣ የአባቴ ስምና የአባቴ አባት ስም አለ። እቴቴ አባቴን ወልደው፣ ቀሚሳቸውን ሸጠው ያስተማሩት ሲሆኑ፣ ስማቸው የሚገኘው በራሳቸው መታወቂያ ላይ ብቻ ነበር፤ እሱም ከተሳሳተ ዓመት ጋር።

የደብረ ብርሃኑን ዘመን ልንገራችሁ። ደጃፋቸው ላይ እንጨት ጫፍ ላይ የተደፋች ጣሳ ነበረች፤ ጠላ አለ ማለት ናት። ጋኑን በወይራ ያጥኑታል፤ ጌሾውን ራሳቸው ካልቀመሱ አይጠነሰስም። ከጠላው ዕቁብ ተጣለ፤ ከዕቁቡ ደብተርና ጫማ ተገዛ፤ ልጆቹ በየተራ ኃይለ ማርያም ማሞ ትምህርት ቤት ገቡ። ከጊዜ በኋላ የሰፈሩ ሴቶች የዕቁብ ዳኛ አደረጓቸው። ጸሐፊ የልጅ ልጅ እያስቀመጡ፣ ማን እንደከፈለ፣ ማን ዋስ እንደሆነ፣ ማን ዕጣ ከወጣላት በኋላ ልትጠፋ እንደምትችል በቃላቸው ይይዛሉ። አንዲት ሴት ዕጣው ሲወጣላት ባሏ ነጥቆ እንዳይጠጣው ገንዘቡን በየሳምንቱ ቆንጥረው ይሰጧት ነበር። ይህ ሹመት ካልሆነ ሹመት ምንድን ነው? እኔ ወረቀቱ ላይ «የዕቁብ ዳኛ ነበሩ» ብዬ ጻፍኩ። አጎቴ አስወጣው፤ «ቀብር ላይ የዕቁብ ወሬ ምን ይሠራል» ብሎ።

ትልቁ ክርክር የመጣው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። ስንት ልጅ ወለዱ? የአጎቴ ልጅ «የስድስት ልጆች እናት» ብሎ ጽፎ ነበር። አባቴ ሰባት አለ፤ በ1970 ዓ.ም. ከቤት የተወሰደውን ወንድሙን ቆጥሮ ነው። በቀይ ሽብር ጊዜ ለተገደለ ልጅ ድንኳን መጣል ቀርቶ ጥቁር መልበስ ያስጠረጥር ነበር። እቴቴ ያን ዓመት ነጭ ቀሚሳቸውን ከላይ፣ ጥቁሩን ከውስጥ ለብሰው ጠላ ሲቀዱ ከረሙ፤ ከጠጪዎቹ መካከል ማን ማን እንደነበረ ያውቁ ነበር። አክስቴ ግን ስድስቱንም ሰባቱንም አልተቀበለችም። «አሥራ አንድ ናቸው» አለች። አራቱ ብዙም ያልኖሩ ናቸው፤ ሁለቱን ኩፍኝ ወሰዳቸው፣ አንዱ ስም ሳይወጣለት ሄደ፣ አንዷ የታዘለችበት ጀርባ ላይ። ወንዶቹ የሞተ ሕፃን አይቆጠርም አሉ። ሌሊቱ እየሄደ ነው፤ ማተሚያ ቤት የሚከፍት ሰው ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ይጠብቃል። ስድስት ተብሎ ታተመ።

ጠዋት አስከሬኑ ከመውጣቱ በፊት ከመንዝ በኩል የመጡ አንዲት አሮጊት ግቢው መካከል ቆሙ። ሌሊት ከአክስቴ ጎን ተቀምጠው ሲያንሾካሹኩ አይቻቸው፣ የሚያጽናኑ መስሎኝ ነበር። ለካ እየጠየቁ ኖሯል። አልቃሽ ናቸው። ሙሾውን ሲያወርዱት አሥራ አንዱንም ጠሯቸው፤ ስም ያልወጣለትንም «ያልተጠራኸው» ብለው ጠሩት። የማይጨውን አባት፣ የረቱትን ርስት፣ ከውስጥ የተለበሰውን ጥቁር ቀሚስ አንድ በአንድ አወጡት። የአክስቴ ዕድሜ ያላቸው ሴቶች ደረታቸውን እየመቱ ተቀበሉ። አጎቴ ያስወጣውን ዕቁብ እንኳን አልዘለሉትም፤ ዋስ ላጣ ዋስ መሆናቸውን ሲሉ ከወደ አጥሩ አንዲት ሴት ጮኻ ወደቀች። ገንዘቧ ተቆንጥሮ ይሰጣት የነበረችው ናት።

ቤተ ክርስቲያን ከልክ ያለፈ ለቅሶን፣ ፊት መንጨትንና ደረት መድቃትን ትገሥጻለች፤ ምክንያቷም ተስፋ ትንሣኤ ነው፣ አከብረዋለሁ። በከተማውም አልቃሽ እየቀረ፣ ድንኳን ውስጥ ከስልክ የሚከፈት መዝሙር ተተክቷል። ግን የሴቶች የሕይወት ታሪክ የሚነገርበት መድረክ ያ ነበር። ሙሾ አውራጇ ሌሊቱን ሙሉ መረጃ ሰብስባ፣ አጣርታ፣ በቤት በቤቱ ገጥማ የምታቀርብ ሰው ናት። ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ስንደርስ የኛ ወረቀት በድምፅ ማጉያ ተነበበ፤ ደግ፣ ሃይማኖተኛ፣ እንግዳ ተቀባይ፣ የስድስት ልጆች እናት።

ከስድስቱ አንዷ ይህን ሁሉ አላየችም። ቨርጂኒያ ያለችው አክስቴ ነች። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሰው ብቻውን ቤት ተቀምጦ አይነገረውም። ስለዚህ ታላቋ አክስቴ ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ የሁላችንንም ስልክ ስትቆጣጠር ነበር፤ ፌስቡክ ላይ ሻማና ፎቶ የለጠፈ የአጎት ልጅ ከነስልኩ ተገሥጾ በአሥር ደቂቃ ውስጥ አወረደ። እዚያው አሌክሳንድሪያ ያሉ የአገር ልጆች ተጠራርተው፣ በነሱ ሰዓት ገና ሳይነጋ፣ ለሥራ ሳትወጣ በሯን አንኳኩ። በዚያ ሰዓት በር ላይ ነጠላ ያጣፋ ሰው ያየ ኢትዮጵያዊ ምንም ሊነገረው አያስፈልግም። እዚህ ቀብሩ አልቆ እዝን እየተበላ ነበር። እዚያም ለቅሶ ተቀመጠች፤ ሰው በፈረቃው መካከል እየመጣ፣ ምግብ በየቤቱ እየተሠራ ቀረበላት። አርባቸው ሲወጣ በሁለቱም አገር ተዝካር ወጣ።

ዛሬ የሚወለድ ሕፃን ይህ ሁሉ የቀን ስሌት አይደርስበትም። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ በአገር አቀፍ ደረጃ ተጀምሯል፤ ልደትም ሞትም ይመዘገባል። ጥሩ ነው። የማርያምና የዑራኤል ክርክር ግን እኛ ቤት የመጨረሻው መሆኑን ሳስብ ትንሽ ይከፋኛል።

ለሙት ዓመቱ አክስቴ ወረቀቱ እንደገና ይጻፍ አለች፤ ሐውልቱ ላይ አይገባም፣ ቤት ውስጥ ይቀመጣል። አሥራ አንዱም ልጆች ገብተዋል። የእኅት ልጆች ገብተዋል። ዕቁቡን አጎቴ ራሱ ነው የጨመረው። ያልገባው ቆጠራው ነው፤ እሱን ሙሉውን የሚያውቅ ሰው የለም። ያለን የአጎቴ ልጅ በስልኩ የቀዳው ድምፅ ብቻ ነው፤ እቴቴ ከአቅኚው ጀምረው ወደ ታች ይወርዳሉ፣ በመካከል የሚያልፈውን ሁሉ ይሳደባሉ፣ ይመርቃሉ።

በቅርቡ አዲስ አበባ ያለች የአባቴ ዘመድ ሴት ልጇን ለመዳር አስባ ደወለች፤ የሚያገባት ልጅ አያት የመንዝ ሰው ናቸው። አክስቴ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ቅጂውን ከፈተች፣ በአውራ ጣቷ አንጓዋን መቁጠር ጀመረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ሄደ። አምስተኛው ላይ እቴቴ «ኧረ ቡናው ገነፈለ፣ ልጆች!» ብለው ይጮኻሉ፤ ሲመለሱ ከሌላ ወንድም ነው የሚቀጥሉት። አክስቴ ደጋግማ ከፈተችው። ያው ነው። መጨረሻ ላይ ለሴትየዋ ደውላ «ሽማግሌ እንዳትቀበሉ፣ ትንሽ ይቆይ፤ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ሰው ልኬያለሁ» አለቻት።